በባዘዘው ዓይን ሥር የኖሩት ዓሣዎች

ሰው ስለ እህቴ ባል ስለ ባዘዘው ሲያወራ ከዓሣዎቹ ይጀምራል። ይገርመኛል። ዓሣዎቹን ገብተው ያዩአቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ያወራችባቸው ግን ቢቸና ከነገበያተኛዋ ናት። እኔ ካሰች፣ የሚስቱ የአምሳለች ታናሽ እህት፣ ከቤቱ ገብቼ በልቻለሁ፣ ጠጥቻለሁ፣ የዓሣዎቹን ውሃ በእጄ ቀይሬያለሁ። ስለዚህ ነገሩን እኔ ብናገረው ማንም ቅር ሊለው አይገባም፤ ቅር ያለውም ይቻለው።

ባዘዘው የሞጣ ሰው ነው። ከከተማው ወጣ ብላ ባለች መንደር ማረሻና ማጭድ ከሚቀጠቅጡ ሰዎች ተወለደ። አገራችን ደግሞ የታወቀ ነው፤ ማረሻውን ይገዛል፣ በማረሻው ያርሳል፣ ያረሰውን ይበላል፣ ማረሻውን የሠራለትን ሰው ግን ቡዳ ነው ይላል። ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ሆኖ ይዞራል ይባላል። ከቀጥቃጭ ጋር ማዕድ የሚቀርብ፣ ልጁንም የሚድርለት አልነበረም። ባዘዘው ነፍስ ካወቀ ጀምሮ ሰው ሲያልፍ መሬት መሬት ማየት ተማረ። እንጀራ የሚቆርስ ሰው ካጋጠመው ፊቱን ያዞራል፤ ሕፃን ያዘለች ሴት ካገኘ መንገድ ይለቃል። ጎርመስ ሲል ይህ ኑሮ አንገሸገሸውና ማንንም ሳይሰናበት ወጥቶ ሄደ። እዚያም እዚህም ሲባዝን ከርሞ ምፅዋ ደረሰና ባሕር ኃይል በሞተር ሠራተኛነት ተቀጠረ።

ምፅዋ የማንም ልጅ ብትሆን የሚጠይቅህ የለም። ሙቀቱ ሁሉንም እኩል ያደርጋል። ባዘዘው ከመርከቡ ሆድ፣ ከሞተሩ ጩኸት ሲወጣ ውሃ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ወደ ታች ያያል። እዚያ ነው የባሕር አበባ የሚላትን ያገኛት። አበባ አይደለችም፤ እንስሳ ናት። እግሯን ድንጋይ ላይ ተክላ ብዙ ለስላሳ ጣቶቿን ትዘረጋለች፤ ጣቶቿን የነካ ትንሽ ዓሣ እንደ ሳማ ታቃጥለውና ስታሽመደምደው ትበላዋለች። ታዲያ ከዓሣ ሁሉ አንድ ዘር ብቻ፣ ብርቱካን መልክ ያለው፣ በወገቡ ላይ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀ የሚመስል፣ በጣቶቿ መካከል እንደ ልቡ ይገባል ይወጣል። እዚያው ያድራል። ጠላት ሲመጣበት እሷ ውስጥ ይሸሸጋል፤ ምግብ ሲያገኝ ደግሞ ለእሷም ያመጣላታል።

«ዝም ብሎ ዘው አይልም» ይለን ነበር ባዘዘው። «መጀመሪያ ጭራውን ያስነካና ይሸሻል። ሆዱን ያሻሽና ይሸሻል። ትለበልበዋለች፣ ተመልሶ ይመጣል። በመጨረሻ ትለምደዋለች።» ይህን ሲናገር ቤቱ ለድምፁ አይበቃም፤ የመርከብ ሞተር ጆሮውን ስላደነቆረው እየጮኸ ነው የሚያወራው። አንድ መኮንን ቤት እነዚህን ፍጥረቶች በመስታወት ሣጥን ሲኖሩ አይቶ፣ እሱም እየገደለና እየተማረ፣ በመጨረሻ ማቆየት ቻለበት።

እህቴን ያገኛት እዚያው ነው። እታለም አምሳለች የመጀመሪያ ባሏ ወታደር ነበር፤ አሥመራ ወስዷት ሲሞት እሷ ወደ ቢቸና መመለስን ትታ ምፅዋ ወርዳ የባሕር ኃይሎችን ልብስ ታጥብ ጀመር። ባዘዘው ሊያገባት ሲጠይቃት በመጀመሪያው ቀን የማን ልጅ እንደሆነ ነገራት። እንደምትሮጥ እርግጠኛ ነበር። እሷ ግን የምታጥበውን ሸሚዝ ጨምቃ ገመድ ላይ ጣለችና «ጨርሰሃል?» አለችው። ጨርሼአለሁ አላት። «እንግዲያው ሌላውን ሸሚዝ አቀብለኝ።» እህቴ እንዲህ ናት።

ጆሮው ሲከፋበት ባሕር ኃይል አሰናበተው። በዚያው ሰሞን እናታችን ወለተ ገብርኤል ታማ ነበርና እታለም «አገሬ እገባለሁ» አለች። የጎጃም ገበሬ ግብር አልከፍልም ብሎ ያነሣው ግርግር ጋብ ያለበት፣ የጭነት መኪና እንደገና በሞጣ በኩል መመላለስ የጀመረበት በጋ ነው። ባዘዘው የመስታወት ሣጥኑን በጆንያ ጠቅልሎ፣ ሁለት ዓሣዎቹንና አበባዋን ክዳን ባለው ትልቅ ባልዲ ይዞ፣ የባሕር ውሃ የሞሉ በርሜሎች አስጭኖ መጣ። ሞጣ ላይ መኪናው ሲቆም አባቱ መጥተው ባልዲውን ከፍተው አዩ። «ከዚህ ቆይ፣ ወናፉ ያንተ ነው» አሉት። እሱ ግን ቢቸና የወፍጮ ሞተር የሚጠግን ሰው ይፈልጋሉ መባሉን ሰምቶ ነበር። «ሰው ከሆንኩ ሞጣ ላይ ብቻ ሳይሆን ቢቸና ላይም ሰው ነኝ» ብሎ አለፈ።

ቤት ተከራዩ። ባዘዘው ሣጥኑን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር አስቀመጠው፤ አበባዋ ብርሃን ካጣች ትሞታለችና። አገራችን ደግሞ ብርድ ነው፤ የሣጥኑ ወለል ቆርቆሮ ስለነበር ከሥሩ ፋኖስ እያበራ ያሞቀዋል። አየሩስ? የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ፣ ካላማዳሪያ የሚሉትን፣ በብስክሌት ፖምፓ ይነፋና አፉን ከቀጭን ላስቲክ ጋር ያስረዋል፤ ከዚያ አየሩ ቀስ እያለ ውሃው ውስጥ ሲንፎለፎል ይውላል። ካላማዳሪያው ሲሟሽሽ ቤት ያለ ሰው ይነፋል። እኔ እንኳ ጠላ ልቀምስ ሄጄ ስንት ጊዜ ፖምፓ ስነፋ እንዳመሸሁ! ውሃው ሲያረጅ ምፅዋ የሚመላለስ ሾፌር የባሕር ውሃ በበርሜል ያመጣለታል፤ ተኖ ሲቀንስ የዝናብ ውሃ ይጨምራል፤ ጨውነቱ ልክ መሆኑን የሚያውቀው ደግሞ አፏ በሰም በተደፈነ የመድኃኒት ብልቃጥ ነው። ውስጧ ጥቂት እርሳስ አለ። ውሃው እንደ ባሕር ከሆነ አንገቷን ብቅ አድርጋ ትንሳፈፋለች፤ ውሃው ከቀጠነ ትሰጥማለች።

ከወፍጮ ቤት ሲመለስ በርጩማ ስቦ ሣጥኑ ፊት ይቀመጥና ያያል። ዝም ብሎ ያያል። ሰው ፊት ቀና ብሎ የማያውቅ ሰው እዚያ ሲቀመጥ ዓይኑን አይሰብርም። መጀመሪያ ሥራ ፈት ይመስለኝ ነበር፤ እያደር ሳየው ግን በሕይወቱ ፈቅዶ፣ ሳይፈራ የሚያየው ሌላ ነገር እንደሌለው ገባኝ፤ አንጀቴን በላው።

ሞጣና ቢቸና አንድ ገበያ ናቸው። ማን መሆኑ ስንት ቀን ሊደበቅ? አንድ የሞጣ ነጋዴ ገበያ ላይ አየውና «ይህ የቀጥቃጮቹ ልጅ አይደለም?» አለ። በቃ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከዚያ ወዲያ ወፍጮ ቤት እህል ያስፈጨች ሴት ሁሉ እሱ ብቅ ሲል ዱቄቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ሞተሩ ሲሰበር «ኧረ ባዘዘውን ጥሩት» ይላሉ፤ ሞተሩ ሲነሣ «አሁን ይሂድልን» ይላሉ።

ይባስ ብሎ ጎረቤታችን ይርጋነሽ ታመመች። ትኩሳት ነው፤ በዚያ ወራት ማን ያልታመመ አለ? ግን በቡዳ የተያዘ ሰው የበላውን ስም ጠርቶ ይጮኻል ይባል የለ፣ ጤና አዳም አሽትተው «ማነህ? ማነህ?» እያሉ ሲያዋክቧት እሷም በትኩሳቷ መካከል «ባዘዘው ነኝ» አለች። የጠየቋት ሰዎች ከጠዋት ጀምሮ በጆሮዋ የሚያወሩት ስም እኮ ነው፤ ሌላ ማንን ልትጠራ ኖሯል? በሳምንቱ ይርጋነሽ ድና እንጨት ለቀማ ሄደች። ስሙ ግን እዚያው ቀረ።

አጎታችን ታዘበው፣ አባታችን ከሞተ ወዲህ የቤታችን አዛዥ የሆነው፣ ሽማግሌ ሰብስቦ እህቴ ቤት ደጃፍ መጣ። የቤተሰባችንን የነፍስ አባት አባ ወልደ ሰንበትን ጨምሮ ነው የመጣው። ሁዳዴ ሊገባ ነበር፣ ቅበላ። የሚሉት ግልጽ ነው፤ አምሳለች ከዚህ ቤት ትውጣ፣ ወደ እናቷ ትመለስ። እታለም ያን ሰዓት ገበያ ነበረች። ባዘዘው ብቻውን ነበር፤ መሬት መሬት እያየ ሲሰማቸው ቆይቶ በድንገት ቀና አለ።

«ዓይኔ ይበላል ነው የምትሉ?» አለ በዚያ በከፍተኛ ድምፁ። «እንግዲያው ግቡና እዩ! በዚህ ሣጥን ውስጥ ያሉት ትንፋሽ የሚገድላቸው ፍጥረቶች ናቸው። ከሥራ ስመለስ ቁጭ ብዬ የማያቸው እነሱን ነው። ዓይኔ የሚገድል ቢሆን ለምን አልገደላቸውም?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አባ ወልደ ሰንበት «መቼም ነገር ነው» አሉ። አጎቴ ታዘበው ግን ብልጥ ነው፤ ብልጥነቱ ለቤተሰቡ በጅቶ ባያውቅም። «መልካም» አለ፤ «እስከ ዳግማይ ትንሣኤ እናያለን። እነዚህ ፍጥረቶችህ በሕይወት ከቆዩ ስምህን የሚያነሣ የለም። ከሞቱ ግን ልጃችንን ይዘን እንሄዳለን።» ባዘዘው «እሺ!» አለ። የአጎቴን መዳፍ መታ፤ ውል ሆነ።

እታለም ከገበያ ስትመለስ ይህን ሰማች። ይዛው የመጣችውን ጨው መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እኔን በዓሣ አስያዝከኝ?» አለችው። እህቴ ባሏን አንተ ነው የምትለው፤ ይህም ለሰፈሩ አንድ ራሱን የቻለ ወሬ ነበር።

«አምሳል፣ አይሞቱም እኮ። አውቃቸዋለሁ።»

«ቢሞቱስ?»

«አይሞቱም።»

«ባዘዘው፣ ቢሞቱስ? እኔ ተነሥቼ ልሄድ ነው?»

ፖምፓውን አንሥቶ ካላማዳሪያውን ይነፋ ጀመር። እሷም ደግማ አልጠየቀችውም፤ ግን ስንት ቀን አኮረፈችው። ልክ ነበረች። እሱ ፈርቶ ነው ያደረገው፣ ይገባኛል፤ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲከሰስ ኖሮ ምስክር ያገኘ ሲመስለው ዘሎ ይይዛል። ግን የተያዘው ሰው ደግሞ ሚስት ናት።

ሁዳዴ እንደዚያ ዓመት ረዝሞ አያውቅም። ከብት ስለማይታረድ ለዓሣዎቹ የሚከተፍላቸው ጉበት ጠፋ። እታለም እያኮረፈች፣ እየተሳደበችም፣ ከጓሮ የመሬት ትል እየቆፈረች ታመጣለች፤ ባዘዘው በምላጭ ይከትፋል። አጥር ለአጥር የሚያይ መቼም አይጠፋምና «ጾም ሲገባ ትል ይበላሉ» ተባለ። እኔ እዚህ ላይ ነው ሳቄ የመጣው። ትልቋ ዓሣ ግን የተከተፈውን ቀድማ ትቀበልና ግማሹን ወስዳ አበባዋ ጣቶች ላይ ታስቀምጣለች። ባዘዘው ይህን ባየ ቁጥር ለእታለም ይነግራታል፤ እሷም ባየች ቁጥር ያላየች ትመስላለች።

ባዘዘው ተለወጠ። ድሮ ወዶ ሲያያቸው አንድ ሰው ነበር፤ አሁን ግን ሲያያቸው ያልበዋል። አንዷ ምግብ ለመቅመስ ዘግየት ካለች እሱም ምሳውን አይበላም። አበባዋ ጣቶቿን ከሰበሰበች ወፍጮ ቤት ሞተር ቆሞ ሰው ሲጮኽ አይሰማም፤ ደግሞ ያንንስ በደህና ቀኑም አይሰማም። አንድ ቀን «ዓሣዎቹ እኔን የሚያዩኝ እየመሰለኝ ነው» አለኝ። አሳዘነኝ፤ ተናደድኩም። በአጎቴ ላይ ተናደድኩ።

ሆሳዕና ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ እኔና እታለም ከወንዝ ልብስ አጥበን ስንመለስ እናታችን እህቴ ቤት ተቀምጣ አገኘናት። እናቴ ከሕመሟ ከዳነችም በኋላ ያን ቤት አትረግጥም ነበር፤ ልጇን ስትፈልግ እኔን ትልካለች። እንስራዋ ባዶ ሆኖ ግድግዳ ተደግፏል። ወለሉ ረጥቧል። ፊቷ ግን በርቷል፤ እንደዚያን ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

«ልጄ» አለች ለእታለም፣ «አሁን ትኖሪያለሽ። ነገሩን ከሥሩ ነቀልኩልሽ።»

«ምኑን ነቀልሽ እምዬ?»

«በሣጥኑ ያለውን ነዋ! ያ ሰው እኮ ክፉ አይደለም፤ አይቼዋለሁ። ያደረበት ነው እንጂ። ያደረበት ደግሞ እዚያ ውስጥ ነው፣ ያ እንደ እባብ የሚወራጨው። የማርያምን ጠበል በእንስራ አምጥቼ አፈሰስኩበት። ሙሉውን ነው። አሁን እሱም ይድናል፣ አንቺም ከባልሽ አትለዪም።»

እናቴ እኮ ትዳሩን ልታድን ነው። ያን ዳገት እንስራ አዝላ የወጣችው፣ ያን ደጅ የረገጠችው፣ ልጇ ከምትወደው ሰው እንዳትለይ ብላ ነው። እታለም ወደ ሣጥኑ ሮጠች። ውሃው ሞልቶ ፈስሷል። ብልቃጧ ሰጥማ ወለሉ ላይ ተኝታለች። አበባዋ ጣቶቿ ሁሉ ገብተው፣ ተሸብሽባ፣ እንደ ታጠበ አንጀት ድንጋዩ ላይ ተንጠልጥላለች። ሁለቱ ዓሣዎች አጠገቧ ቆመው ይተነፍሳሉ፤ አልሸሹም፣ መግቢያ ግን የላቸውም።

ባዘዘው ገባ። ብልቃጧን አየ፣ እንስራውን አየ፣ እናቴን አየ። ገባው። ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን እናቴ ፊት ጎንበስ አለና «እናቴ፣ ስለ እኔ ደክመዋል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አላት። ከዚያ ዞር ብሎ ባልዲ አነሣ።

የነገሩን ክፋት ልብ በሉልኝ። አበባዋ ከሞተች ሰው «በዓይኑ በላት» ይላል። እሱ ደግሞ «ጠበል ነው የገደላት» ቢል «አያችሁ፣ ሰይጣኑ ጠበል ሲነካው ቀለጠ» ይባላል። የወንዝም ውሃ ቢሆን፣ የዝናብም ቢሆን ያንኑ ያደርጋት ነበር፤ የባሕር ፍጥረት ጨው የሌለው ውሃ ሲበዛባት ትሞታለች፣ ያለ ነገር ነው። ግን ይህን ለማን ታስረዳለህ? ዝም ቢል ይፈረድበታል፣ ቢናገር ይፈረድበታል።

ከበርሜሎቹ የቀረው ውሃ እሳት አጠገብ ለብ እስኪል ጠበቅን። ከሣጥኑ በባልዲ እየቀዳን አውጥተን የባሕሩን ቀስ እያልን ጨመርን፤ በአንድ ጊዜ ቢሆን እንደገና ይጎዳታል። ብልቃጧ ከወለሉ ተነሣች፣ መሀል ላይ ቆመች፣ በመጨረሻ አንገቷን ብቅ አደረገች። አበባዋ ግን እንደተሸበሸበች ቀረች። እታለም ፖምፓውን ይዛ ተቀመጠች። ኩርፊያውን የተወችው ያኔ ነው። ትነፋለች፣ ትነፋለች፤ ባዘዘው ልተካሽ ሲላት «ሂድ ተኛ» ትለዋለች፤ እሱም አይተኛም።

እናቴ ግን ያደረገችውን በደስታ ለጎረቤት ሁሉ ነግራለች። የሆሳዕና ዕለት ቅዳሴ ሲያልቅ አጎቴ ታዘበው የዘንባባ ቀለበቱን ጣቱ ላይ እንዳደረገ፣ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ፣ ቀኑ ሳይደርስ መጣ። አባ ወልደ ሰንበትም አሉ። እናቴም ከኋላ ከኋላ ትከተላለች፤ አጎቴ ያስመጣት ለምስክርነት ነው።

ያን ቀን ጠዋት ግን ቤት ውስጥ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ሣጥኑን ስትመታው አበባዋ አንድ ጣት አወጣች። ከዚያ ሌላ። ቀስ በቀስ ሁሉም ወጡ፤ እንደ ድሮው ባይወፍሩም ተዘረጉ። ትልቋ ዓሣ መጀመሪያ ጭራዋን አስነካችና ሸሸች። ሆዷን አሻሸችና ሸሸች። ከዚያ ገባች። ትንሹም ተከተላት። ባዘዘው አፉን በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር። እታለም ረዥም ጊዜ አየቻቸው፤ እሱንም አየችው፤ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። በደስታው ቀን እንኳ ያልበዋል።

ከውጭ የአጎቴ ድምፅ መጣ። «የቤት ባለቤቶች! አለቀ አሉ የናንተ ነገር! ጠበል ሲነካው ቀለጠ አሉ! ከዚህ በላይ ምን ምስክር እንፈልግ?»

«ቆይ እንጂ ታዘበው» አሉ አባ ወልደ ሰንበት። «ቃላችን ማየት ነው። ገብተን እንይ።»

ባዘዘው ወደ በሩ ሊሮጥ ሲል እህቴ ቀደመችው። ከአልጋው ላይ ጋቢውን ስባ ሣጥኑ ላይ ጣለች፤ መስታወቱ ሁሉ ተሸፈነ። ከዚያ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፣ በሁለት እጇ መቃኑን ይዛ።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ» አለች። «ማንም አይገባም።»

ባዘዘው ከኋላዋ ሊያንሾካሹክ ፈለገ፤ ማንሾካሾክ ደግሞ አይችልም። «አምሳል! ተከፍታለች እኮ! ይዩዋት እንጂ!» አለ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰማው።

አጎቴ ሳቀ። «ከተከፈተች ለምን በር ትዘጋብናለች? ሞታ ነዋ!»

«ሞታ ነው ይበሉ» አለችው እህቴ። «ምን ቸገረኝ? ዓሣ ከዳነ ባሌ ሰው ነው፣ ዓሣ ከሞተ ቡዳ ነው? ዛሬ ገብታችሁ ብታዩና ደግ ነው ብትሉ፣ ነገ ብትሞት ነገ ልትመለሱ ነው? በየቀኑ ልትመጡ ነው? ፍጥረት ሁሉ ይሞታል። የእርስዎም በሬ ባለፈው ክረምት ሞቷል፤ ማን ዓይንዎን ጠየቀዎት?»

«አንቺ ልጅ!»

«አልጨረስኩም፣ አጎቴ። ይህ ሰው ሲያየኝ ስንት ዓመቱ ነው። ስበላ ያየኛል፣ ስተኛ ያየኛል። ምፅዋ ታምሜ ስወድቅ ዓይኑን ሳይነቅል ያየኝ እሱ ነው። የሚበላ ዓይን ቢሆን ኖሮ ቀድሞ የሚበላው እኔን ነበር። ይኸው ቆሜ እናገራለሁ። ምስክር ከፈለጋችሁ እኔን እዩ። እኔን አይታችሁ ያላመናችሁትን ዓሣ አይታችሁ ልታምኑት ነው? የዓሣ ምስክርነት አልፈልግም። ለባሌም አልፈቅድለትም!»

አባ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው እጅ አዛወሩ፤ ከዚያ «እኔ እህል ውሃቸውን አላፈርስም» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። አጎቴ ግን እልኸኛ ነው። «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ የኛ ወገን አይደለሽም» አላት። «ከአባትሽም መሬት እጅሽን አንሺ።»

እህቴ ያን መሬት ትወድ ነበር። ከዚያ መሬት በቀር የራሷ የምትለው ነገር አልነበራትም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ አጎቴም ያውቃል። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። እጇን ግን ከመቃኑ አላነሣችም።

«መሬቱን ይውሰዱት» አለች። «ባሌን ግን ከእንግዲህ እዚህ ደጅ ቆሞ ቡዳ የሚል ሰው፣ እርስዎም ይሁኑ ማንም፣ ለእኔ ቀብር እንኳ እንዳይመጣ።»

ሄዱ። አጎቴ ዞር ብሎ «እትዬ ወለተ ገብርኤል፣ ይነሡ እንጂ» አላት እናቴን። እናቴ የአጥሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር። «እናንተ ሂዱ» አለችው፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። ከሁሉም በኋላ ተነሥታ ወደ ቤት ገባች፤ እታለም መንገድ ለቀቀችላት። እናቴ የጋቢውን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ረዥም ጊዜ አየች። አበባዋ ተዘርግታለች፣ ዓሣዎቹ በጣቶቿ መካከል ናቸው።

«ጠበሉ ሠራ» አለች እናቴ።

ባዘዘው እህቴን አያት፣ እኔን አየኝ። «ሠራ፣ እናቴ» አላት። እናቴ ይህን እንዳመነች ሞተች፤ ማንም አላረማትም።

ዓሣዎቹ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖሩ። በሦስተኛው መንገዱ ተበላሽቶ ከምፅዋ ውሃ የሚያመጣለት ሾፌር ቀረ፤ መጀመሪያ አበባዋ ሞተች፣ ዓሣዎቹም ከእሷ በኋላ ብዙ አልቆዩም። ባዘዘው አለቀሰ። ላብ አላላበውም፤ ስለሚወዳቸው ብቻ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ እኛም አብረነው አለቀስን። እታለም ሣጥኑን አጥባ አደረቀችና በረንዳው ላይ፣ ከመንገድ በሚታይበት ቦታ፣ ባዶውን አስቀመጠችው። ቆም ብሎ «ሞቱ እንዴ?» የሚላት ሰው ባለ ቁጥር ቀና ብላ ዓይን ዓይኑን እያየች «አዎ፣ ሞቱ» ትለዋለች፤ ከዚያ ሥራዋን ትቀጥላለች።